ቤተሰብ ይዞ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መግባት፦ ከመፈረማችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ

«ሲልቨር ስፕሪንግ እንዴት ነው? ለልጆች ይሆናል?» ዲሲ ውስጥ አፓርትመንት የጠበባቸውም፣ ከሌላ ስቴት ሊመጡ ያሰቡም ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው። አጭሩ መልስ፦ ይሆናል። ዛፍ አለ፣ መናፈሻ አለ፣ ባቡር አለ። እንጀራ ለመግዛት ሩቅ አይኬድም። ያለበት ካውንቲ፣ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ፣ ራሱ የጎንደር እህት ከተማ ነው።

ችግሩ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው አድራሻ በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። ሁለት ቤቶች በፖስታ ላይ አንድ ስም ይዘው በትምህርት ቤት፣ በግብርና በባቡር ርቀት ፈጽሞ ላይገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሰፈሩን ከመጠየቅ ቤቱን መጠየቅ ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለተከራይም ለገዢም ይሠራል። ዓመቶቹም ሰዓቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ አድራሻው የማን እንደሆነ እወቁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም፣ የከተማ ምክር ቤትም የለውም። በሕግ ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም። መንገዱን የሚጠግነው፣ በረዶ የሚጠርገው፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። አቤቱታ ሲኖራችሁ የምትደውሉት 311 ላይ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ።

ዚፕ ኮዱን ተመልከቱ። 20910 ከዲሲ ወሰን ጀምሮ መሀሉ ነው፤ ለባቡር የቀረበው፣ በእግር የሚኬድበት፣ ውዱም እሱ ነው። 20901 እና 20902 ወደ ፎር ኮርነርስ፣ ፎረስት ግሌንና ዊተን ይወስዷችኋል። 20904 ኋይት ኦክና ኮልስቪል፣ 20906 ደግሞ አስፐን ሂል ነው። እዚያ ቤቱም ግቢውም ይሰፋል፤ መኪና ከሌላችሁ ግን ኑሮው ይከብዳል። «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዲሲ 15 ደቂቃ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የትኛው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለት ወሰኖችን በተለይ አጣሩ። አንደኛው የካውንቲ ወሰን ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ አድራሻ ያላቸው ጥቂት ቤቶች ያሉት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ግብሩም፣ ፖሊሱም ሌላ ነው። ሁለተኛው የታኮማ ፓርክ ወሰን ነው። ታኮማ ፓርክ በሞንትጎመሪ ውስጥ ያለ፣ ግን የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ተጨማሪ የንብረት ግብር ያለው ትንሽ ከተማ ነው። ለግብሩ ምትክ የሚያገኙትን አገልግሎት የሚወዱ ብዙ ናቸው። ዜግነት የሌለው ነዋሪም በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ ይህ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ነው። መንገድ ብትሻገሩ ያ መብት የለም።

2. ትምህርት ቤቱን ከቤቱ በፊት

ሞንትጎመሪ ወደ 160 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ያሉት ትልቅ የትምህርት ሥርዓት ነው። ልጃችሁ የሚገባበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የምትኖሩበት ቤት ቁጥር ነው። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶች ለተለያየ ትምህርት ቤት ሊመደቡ ይችላሉ። የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አስገብታችሁ የምታዩበት መፈለጊያ አለ። የቤት ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ አንዳንዴ ያረጀ ነው።

በዚህ አካባቢ ተጨማሪ ነገር አለ። ሞንትጎመሪ ብሌርን፣ አይንስታይንን፣ ኬኔዲን፣ ኖርዝዉድንና ዊተንን የሚያጠቃልለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቡድን ተማሪዎች የሚገቡበትን ትምህርት ቤት በምርጫ ቅደም ተከተል የሚያስገቡበት አሠራር ሆኖ ቆይቷል። ካውንቲው ደግሞ ለ2027-28 የትምህርት ዘመን የሚሆን የወሰንና የፕሮግራም ለውጥ ይዟል። ልጃችሁ መካከለኛ ደረጃ ላይ ከሆነ «አሁን የየት ነው?» ብቻ ሳይሆን «እሱ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባስ?» ብላችሁ ከትምህርት ቢሮው መልስ አግኙ።

ለምዝገባ የልጁ የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና የመኖሪያ ማስረጃ ይጠየቃል። አንደኛ ክፍል ለመድረስ የሚያልፉበት ኪንደርጋርተን የሚቀበለው እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት የሞላውን ነው። ከሀገር ቤት በቀጥታ የመጣ ልጅ ከሆነ ምዝገባው ሮክቪል ባለው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች መቀበያ ቢሮ በኩል ነው። አማርኛ ትምህርት ቢሮው ሰነድ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ነፃ ነው። የወላጅ ስብሰባ ላይ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ይቅር። ስለራሱ ውጤት የሚተረጉም ልጅ ምን እንደሚዘል ለወላጅ አይነገርም።

የመኖሪያ ማስረጃው ላይ ብዙ የእኛ ሰው ይቸገራል። ዘመድ ቤት ቤዝመንት ውስጥ በቃል ስምምነት የሚኖር ቤተሰብ በስሙ ሊዝ የለውም። በሩ ግን አልተዘጋም። በጋራ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ቅጽ አለ፤ የቤቱ ባለቤት ወይም ዋናው ተከራይ አብራችሁት እንደምትኖሩ ይፈርማል፣ የራሱንም ማስረጃ ያያይዛል። ስለዚህ ዕቃ ከማስገባታችሁ በፊት «ለልጆቹ ትምህርት ቤት ትፈርምልኛለህ ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ለመጠየቅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ኦገስት መጨረሻ ላይ መጠየቅ ግን የባሰ ነው።

የትምህርት ቤት አውቶቡስም በርቀት ነው። ለአንደኛ ደረጃ ከ1 ማይል፣ ለመካከለኛ ከ1.5፣ ለሁለተኛ ደረጃ ከ2 ማይል በላይ የሆነ ነው የሚጫነው። ከዚያ በታች የሆነው በእግሩ ይሄዳል። አንደኛ ደረጃ የሚጀምረው ጠዋት 9 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ስለሆነ፣ ሁለታችሁም በ7 ሰዓት ሥራ የምትገቡ ከሆነ ልጁን ከትምህርት በፊት የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቶቹ ግቢ ያሉት የጠዋትና የከሰዓት ማቆያዎች ቶሎ ይሞላሉ። ቤት እየፈለጋችሁ እያለ ተመዝገቡ።

3. የሥራ መንገዱን በሥራ ሰዓት ሞክሩት

ቀዩ የሜትሮ መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፎረስት ግሌን፣ ዊተንና ግሌንሞንት ይቆማል። ፎረስት ግሌን ከመላው ሜትሮ ጥልቁ ጣቢያ ነው፤ 196 ጫማ ወደ መሬት ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ተንቀሳቃሽ ደረጃ የለውም፣ የሚወረደው በሊፍት ነው። የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ይህ ምቾት ነው። ዊተን ደግሞ 230 ጫማ ርዝመት ያለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለው፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ የሚረዝመው እሱ ነው። የተበላሸ ቀን ገበያ ይዞ መውጣት ምን እንደሚመስል ገምቱ።

የካውንቲው አውቶቡስ ራይድ ኦን ከ2025 ክረምት (እዚህ ሰመር ከሚሉት) ጀምሮ ነፃ ነው። ይህ ለቤተሰብ ወጪ ቀላል አይደለም።

ፐርፕል ላይን የሚባለው ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን የሚዘረጋው ባለ 16 ማይልና 21 ጣቢያ ቀላል ባቡር በሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ያልፋል። በመጀመሪያው ዕቅድ 2022 ላይ መሥራት ነበረበት፤ ግንባታው ግን ብዙ ዓመት ተጓትቷል። ኤጀንቶች ይህን ባቡር ገና ሳይመጣ መሸጥ ይወዳሉ። እኔ ብሆን ቤቱን ዛሬ ባለው መጓጓዣ እመዝነውና ባቡሩን እንደ ምርቃት እቆጥረው ነበር።

መኪና ከሆነ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት በ8 ሰዓት ከቤቱ ደጃፍ ተነስታችሁ ንዱ። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ያያችሁት ጆርጂያ አቬኑና የሥራ ቀን ጆርጂያ አቬኑ አይገናኙም። የቀለበት መንገዱ 495ም እንዲሁ።

4. ልትከራዩ ከሆነ

ቤቱ የኪራይ ፈቃድ እንዳለው ከካውንቲው አረጋግጡ። ቤዝመንትም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ የሌለው ቤዝመንት ብዙ ጊዜ ማምለጫ መስኮት የለውም፤ ልጅ የሚተኛበት ክፍል መስኮቱ ሰው የሚያስወጣ መሆን አለበት።

ከዚያ ሕጉ የሚሰጣችሁን ያዙ፦

- ከኦክቶበር 1, 2024 ጀምሮ ለሚፈረም ውል በሜሪላንድ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስትወጡ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል፤ የሚቀነስ ካለም በዝርዝር ይነገራችኋል።
- የሞንትጎመሪ የኪራይ ጣሪያ ሕግ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ይሠራል። ዓመታዊ ጭማሪው በዋጋ ንረት ላይ 3 በመቶ ተደምሮ ነው፣ ከ6 በመቶ ግን አያልፍም። ተሠርተው 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎችና አንድ ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራዩ ግለሰቦች ከሕጉ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያብረቀርቀው አዲስ ሕንፃ የመጀመሪያ ዓመት ኪራይ ሲማርካችሁ ይህን አስቡ።
- አከራይ የሁለት ዓመት ውል እንዲያቀርብላችሁ የካውንቲው ሕግ ይጠይቃል። ልጅ ያለው ሰው ይህን ቢጠይቅ አያፍርም።
- ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የእርሳስ ቀለም ምርመራ ወረቀቱን ጠይቁ። መስኮት ላይ የተላጠ ቀለም ለሚድህ ልጅ መርዝ ነው።

ቤቱን ስታዩ ኩሽናው ውስጥ ትንሽ ቆዩ። ምድጃው ላይ ያለው አየር ማስወጫ ጭሱን ወደ ውጭ ያስወጣል ወይስ አጣርቶ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይለቀዋል? በብዙ አፓርትመንት ሁለተኛው ነው። ቡና በተቆላ ቁጥር የጭስ ደወል ይጮሃል፣ ዕጣኑም ኮሪደር ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ከማኔጅመንት ደብዳቤ ይመጣል። መስኮቱ የሚከፈት መሆኑን፣ በረንዳ መኖሩን እዩ። አሮጌ ቤት ከሆነ ደግሞ የኩሽናው ሶኬቶች ስንት መስመር እንዳላቸው ጠይቁ። የእንጀራ ምጣድና ማይክሮዌቭ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ብሬከሩ ይጥላል።

እንግዳ የሚያበዛ ቤተሰብ የመኪና ማቆሚያውንም ይጠይቅ። ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያሉ መንገዶች ለነዋሪ ፈቃድ ብቻ የተከለሉ ይሆናሉ። ክርስትና ወይም ልቅሶ ሲሆን ያ ሁሉ ሰው የት ይቆማል?

5. ልትገዙ ከሆነ

ከብድሩ እንጀምር። አበዳሪው ብዙውን ጊዜ የሁለት ወር የባንክ መግለጫ ይጠይቃል። መግለጫው ላይ ከደመወዛችሁ ጋር የማይሄድ ትልቅ ገቢ ካለ ከየት እንደመጣ በሰነድ አስረዱ ይላችኋል። ዕቁብ የደረሰው ሰው እዚህ ጋ ይወጠራል። በጥሬ ገንዘብ ተሰብስቦ የተሰጠ ዕቁብ ለአበዳሪ ማስረጃ የሌለው ገንዘብ ነው። መፍትሔው ጊዜ ነው። ዕቁቡን ቀደም አድርጋችሁ ውሰዱ፣ ባንክ አስገቡት፣ ብድር ከማመልከታችሁ በፊት ከሁለት ወር በላይ ይቀመጥ። በየወሩ የከፈላችሁትን በባንክ ዝውውር ብታደርጉትም ዱካ ይኖረዋል። ወንድም ወይም እህት የሚያግዛችሁ ከሆነ ደግሞ ስጦታ መሆኑን፣ የማይመለስ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈርማሉ። ብድር ሆኖ ሳለ ስጦታ ብሎ መፈረም ግን ወንጀል ነው፤ ይህን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

ቀጥሎ ግብሩ። ሻጩ ባለፈው ዓመት የከፈለውን የንብረት ግብር አይታችሁ በጀት አትሥሩ። ሜሪላንድ በራሱ ቤት ለሚኖር ሰው የግብር ግምቱ በዓመት ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳያድግ የሚያደርግ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አላት፤ በሞንትጎመሪ ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች ግብር በዚህ ምክንያት ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ሲሸጥ ቅናሹ አብሮ አይተላለፍም። ካውንቲው ሻጩ የገዢውን የወደፊት ግብር ግምት እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ ያንን ወረቀት ነው ማየት ያለባችሁ። ከገባችሁ በኋላ ለሆምስቴድ አንድ ጊዜ ማመልከት የናንተ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይረሳዋል። የካውንቲው የገቢ ግብር 3.2 በመቶ መሆኑንም አትርሱ፤ ከቨርጂኒያ የሚመጣ ሰው ደመወዙ ላይ ያየዋል።

በሜሪላንድ የመጀመሪያ ቤታችሁ ከሆነ የስቴቱ የዝውውር ግብር ላይ የገዢው ድርሻ ይነሳላችኋል። ገቢያችሁ መካከለኛ ከሆነ ካውንቲው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለውን ኤምፒዲዩ የሚባለውን በቅናሽ ዋጋ ቤት የማስገዣ ፕሮግራም ጠይቁ። ሥልጠና መውሰድ አለ፣ ወረፋና ዕጣ አለ፣ መልሶ የመሸጫ ገደብም አለበት።

ኮንዶ ከሆነ የማኅበሩን ሰነድ አንብቡ፦ ወርኃዊ ክፍያው፣ የመጠባበቂያ ገንዘቡ፣ ጣሪያ ለመቀየር ተጨማሪ መዋጮ ታስቦ እንደሆነ። ሰነዱ ከደረሳችሁ በኋላ ሐሳብ ለመለወጥ 7 ቀን አላችሁ።

6. ዛፉ ራሱ ጥያቄ አለው

ሰው እዚህ የሚመጣው ለአረንጓዴው ነው። ስላይጎ ክሪክ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የእግርና የብስክሌት መንገድ ወደ 10 ማይል ይጠጋል። ቅዳሜና እሁድ የመኪናው መንገድ የተወሰነው ክፍል ስለሚዘጋ ልጆች መሀል አስፋልት ላይ ብስክሌት ይለማመዳሉ። ዊተን ያለው ብሩክሳይድ ጋርደንስ መግቢያው ነፃ ነው፤ ከጎኑ ያለው ትልቅ መናፈሻ ውስጥ የልጆች ባቡር አለ።

ግን ጓሮአችሁ ያለው ሰባ ዓመት የሞላው ኦክ የናንተ ነው። ቅርንጫፉ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ቢወድቅ፣ ሊቆረጥ ሲገባው ትታችሁት ከሆነ ክርክሩ ወደናንተ ይመጣል። ጁን 29, 2012 ምሽት የመጣው ደሬቾ የሚሉት የንፋስ ማዕበል በዚህ አካባቢ ዛፍ ከነሥሩ ጥሎ ብዙ ቤት ለቀናት በዚያ ሙቀት ያለ መብራት አስቀምጧል። ቤት ስትገዙ የቤት መርማሪው ዛፍ አይመረምርም። ፈቃድ ያለው የዛፍ ባለሙያ ለብቻ ጥሩ። በግንዱ ሥር እንጉዳይ ከበቀለ፣ አፈሩ በአንድ በኩል ከተነሳ፣ ቅርፊቱ በረጅሙ ከተሰነጠቀ ዋጋ መደራደሪያ አገኛችሁ ማለት ነው።

በመንገዱ ዳር ያለው ዛፍ የካውንቲው ነው፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ግቢያችሁ ያለውም ቢሆን የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ ለመቁረጥ የከተማውን ፈቃድ ይጠይቃል። «ግቢው የኔ ነው» እዚያ አይሠራም።

ሥሩም አለ። የ1940ዎቹና የ50ዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ከቤት እስከ መንገድ የሚሄደው የፍሳሽ መስመራቸው የሸክላ ወይም የድሮ ብረት ቱቦ ነው። ሥር በመጋጠሚያው ገብቶ ውስጡ ፀጉር ያበቅላል። ምልክቱ ቤዝመንት ያለው መጸዳጃ ሲንቦጫረቅ ነው፤ ያኔ ግን ዘግይቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውን በካሜራ አስመርምሩ። የመቀየሪያው ዋጋ ብዙ ሺህ ዶላር ስለሆነ የካሜራው ክፍያ አያሳስባችሁ።

ቤዝመንት ውስጥ ወለሉን ተጭናችሁ ሂዱ፣ ጥጉን አሽትቱ። አዲስ ቀለም ታችኛው አንድ ክንድ ላይ ብቻ ከተቀባ ውሃ ገብቶ ያውቃል። ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ካለ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ዝናቡና መብራቱ መጥፋቱ አብረው ነው የሚመጡት። ራዶን የሚባለው ሽታም ቀለምም የሌለው ከመሬት የሚወጣ ጋዝ ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። ሞንትጎመሪ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ ቤት (ከጎረቤት ጋር የተያያዘም ቢሆን) ሲሸጥ የራዶን ምርመራ እንዲደረግ ያስገድዳል። የምርመራው ቁጥር 4 (ፒኮኩሪ በሊትር) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስወጫ እንዲገጠም ሻጩን ጠይቁ። በተለይ እናቴን ወይም አባቴን ቤዝመንት አስቀምጣለሁ ያለ ሰው ይህን አይለፍ።

አጋዘን በየጓሮው ይገባል። የዘራችሁትን ጎመን ይበላል፣ መዥገርም ያመጣል። መዥገሩ «ላይም» (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ልጆች ከጓሮ ሲገቡ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት ሥርና ፀጉር ውስጥ ማየትን ልማድ አድርጉት።

7. ከገባችሁ በኋላ

ከሌላ ስቴት ወይም ከዲሲ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃዱንና ታርጋውን በ60 ቀን ውስጥ ወደ ሜሪላንድ ማዞር አለበት። መኪናው የሜሪላንድን ምርመራ ማለፍ ስላለበት አሮጌ መኪና ካላችሁ ለጥገና ገንዘብ ያዙ።

በረዶ ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ የናንተ ግዴታ ነው። የተከራያችሁት ሙሉ ቤት ከሆነ ማን እንደሚጠርግ ውሉ ላይ አስጽፉ።

ቅጠል ከኖቬምበር ጀምሮ ይወርዳል፣ ደግሞም አያልቅም። በብዙው የሲልቨር ስፕሪንግ ክፍል ካውንቲው በትልቅ መኪና እየመጠጠ ይወስዳል፤ ክፍያው ግብራችሁ ውስጥ አለ። ወደ መንገዱ ዳር ጠርጋችሁ ከምሩት፣ የውሃ መውረጃውን ግን አትድፈኑ። መኪናው የሚመጣበት ሳምንት ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። በቤንዚን የሚሠራ ቅጠል መንፊያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ በካውንቲው ክልክል ነው፤ ስለዚህ ዘመድ «ይኼን ውሰድ» ብሎ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ግዙ፣ ወይም መጥረጊያ ይዛችሁ ልጆቹን ጥሩ።